መስኮቱ ሲቆም ማንን እንጠይቅ?

(ከዚህ በታች የቀረበው በመፋዛ የኮምፒዩተር ትምህርት የሚከታተሉ ወጣቶች ለነዋሪው ካደረጉት ንግግር የተወሰደ ነው። ለንባብ እንዲመች ከተደረገው መጠነኛ ማስተካከያ በስተቀር እንደተነገረ ታትሟል።)



የንግግራችን ርዕስ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲበላሽ እርዳታ እንዴት እንደሚጠየቅ መሆኑን ስትሰሙ "ይህ የልጆች ነገር ነው" ብላችሁ ልትነሡ ያሰባችሁ ሳትኖሩ አትቀሩም። ነገሩ ግን ከመድኃኒታችሁ ቀን ጋር የተያያዘ ነውና ጥቂት ታገሡን። ደግሞም የምንናገረው አብዛኛው ስለ ራሳችን ስሕተት ስለሆነ ስትስቁብን አንቀየምም።

እንደምታስታውሱት የጤና በጎ ፈቃደኞቻችን የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችን ስም የሚይዙት በደብተር ነበር። በክረምቱ ዝናብ ውሃ በጣሪያው አልፎ ደብተሩን አራሰው፤ ሲደርቅ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ግማሹ የማይነበብ ሆነ። በጎ ፈቃደኞቹም "እናንተ ኮምፒዩተር እንማራለን ትላላችሁ፤ እስቲ አንድ ነገር አድርጉልን" ብለው ወደ እኛ መጡ። እኛም ደስ አለን። ያን ጊዜ የነበረን ሁለት ያገለገሉ ላፕቶፖችና ብዙ ድፍረት ነበር።

የሠራነው ፕሮግራም ቀላል ነው። ሲከፈት አንድ መስኮት ይመጣል፤ በመስኮቱ ላይ ስም፣ የሚኖሩበት ሰፈር፣ የመድኃኒቱ ዓይነትና የሚያልቅበት ቀን የሚጻፍባቸው ሣጥኖች አሉ። ከሥር "መዝግብ" የሚል በተን አለ። ከጎኑ ያለው ሌላው በተን ሲጫን በሚቀጥሉት 5 ቀናት መድኃኒታቸው የሚያልቅባቸውን ሰዎች ዘርዝሮ ያወጣል። በጎ ፈቃደኞቹ ጠዋት ዝርዝሩን አይተው በየቤቱ እየሄዱ ያስታውሳሉ። የጻፍነው ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ጊዶ ቫን ሮሰም የሚባል የሆላንድ ሰው በ1991 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የለቀቀው ነው። መስኮቱንና በተኖቹን የሚሠራልን ደግሞ ቲኬ የሚባለው መሣሪያ ነው፤ እርሱንም ጆን ኦስተርሃውት የሚባል መምህር በአሜሪካ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው የሠራው። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ እኛን ለመሰለ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ላፕቶፕ ላይ ጥሩ ሠራ። ያ ላፕቶፕ ሊኑክስ የተጫነበት ነው። ቀጥሎ ለበጎ ፈቃደኞቹ በተሰጠው በሁለተኛው ላፕቶፕ ላይ ጫንነው፤ እርሱ ዊንዶውስ ያለበት ሲሆን ከገበያ ሲገዛ ቅንብሩ ሁሉ ለዐረብኛ የተዘጋጀ ነበር። እዚያ ላይ ነው መከራው የጀመረው። በጎ ፈቃደኛዋ እኅታችን ስም ጽፋ "መዝግብ" የሚለውን ትጫናለች፤ መስኮቱ ምንም አይልም፤ እሷም ተመዘገበ ብላ ወደሚቀጥለው ሰው ታልፋለች። ማታ ዘግታ ጠዋት ስትከፍት የትናንቱ ሰው የለም። ይባስ ብሎ ከዚያ በፊት የተመዘገቡትም የሉም። ዝርዝሩ ባዶ ሆኗል። በዕለቱ 31 ሰው መዝግባ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣትና ኮምፒዩተሩን ስላላመነችው በወረቀትም ጽፋ ስለነበር ተረፍን።

አሁን እርዳታ መጠየቅ ወደሚለው ነገር እንመጣለን። እኛ ያደረግነው የመጀመሪያ ነገር ከአገር ውጭ ለሚኖር፣ የፕሮግራም ሙያ ላለው፣ በዘመድ ዘመድ ላገኘነው ኢትዮጵያዊ ወንድም መልእክት መጻፍ ነበር። መልእክታችን ይህ ነበር፡- "ሰላም ለአንተ ይሁን ወንድማችን። እኛ ደህና ነን። የሠራነው ፕሮግራም አይሠራም። እባክህ ቶሎ እርዳን።" ከዚያም ነገሩን እንዲያይ ብለን ሙሉውን ፕሮግራም ከነሙሉው የሰዎች ዝርዝር አያይዘን ላክን።

ላክን ስንል መላክ የሚለውን ነካን እንጂ አልሄደም፤ ኔትወርክ አልነበረም። ጦርነቱ በ2023 እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር ከጀመረ ወዲህ የሱዳን ኔትወርክ እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አንነግራችሁም፤ በ2024 እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ ወር በመላ አገሪቱ ለቀናት ጭራሹን ጠፍቶ እንደነበረም ታስታውሳላችሁ። መልእክቱ በስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ በጎ ፈቃደኛዋ እኅታችን ስልኩን አንሥታ አየችው። እንዲህ አለችን፡- "ይህ ሰው ማን ነው? የእማማ እገሌን በሽታ ለምን ይነገረዋል?" መልስ አልነበረንም። ስማቸው፣ ሰፈራቸው፣ ሕመማቸው፣ ሁሉም በዚያ ፋይል ውስጥ ነበር። ከእኛ መካከል ያለበትን ቦታ ማንም እንዲያውቅበት የማይፈልግ ሰው እንዳለ እናንተ ከእኛ ይበልጥ ታውቃላችሁ። ኔትወርክ በመጥፋቱ ስናመሰግን ያ የመጀመሪያችንም የመጨረሻችንም ነው። መልእክቱን ሰረዝን። ከዚያ ቀን ወዲህ እርዳታ ስንጠይቅ የምንልከው ከራሳችን የፈጠርናቸውን ስሞች ብቻ ነው፤ ከፍየሎቻችን ስም ጭምር ልከናል። የእውነት ሰው ዝርዝር ከዚያ ላፕቶፕና ከመጠባበቂያው ፍላሽ አይወጣም።

ዝርዝሩን ነቅለን መልእክቱን ብቻ ላክን። ገዳሪፍ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ስልኩን ይዞልን ይሄዳል፤ እዚያ ኔትወርክ ሲያገኝ መልእክቱ ይሄዳል፤ ሲመለስ መልሱን ይዞልን ይመጣል። አንድ ጥያቄ አንድ ሳምንት ይፈጃል ማለት ነው። የመጀመሪያው መልስ አንዲት መስመር ነበረች፡- "ኮምፒዩተሩ ምን አለ?" እኛም "ምንም አላለም" ብለን ጻፍን። ሌላ ሳምንት ሄደ። ሁለተኛው መልስ፡- "ብሏል፤ እናንተ አልሰማችሁትም። ፕሮግራሙን ድርብ ጠቅ አድርጋችሁ አትክፈቱ። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ ከዚያ አስነሡት።"

እንደተባለው አደረግን። "መዝግብ" የሚለውን ስንጫን ጥቁሩ መስኮት በቀይ ሳይሆን በነጭ ፊደል እልፍ አእላፍ መስመር አወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በቲኬ የተሠራ ፕሮግራም በተን ሲጫን ስሕተት ቢያጋጥመው አይዘጋም፤ ስሕተቱን ወደ ጥቁሩ መስኮት ይናገራል፤ ጥቁሩ መስኮት ከሌለ ለማንም አይናገርም። ሰው በሌለበት ቤት ውስጥ እንደሚጮኽ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ እየጮኸ ነበር። አሁን ፕሮግራሙ ስሕተት ሲያገኝ በዋናው መስኮት ላይ "አልተመዘገበም፤ ልጆቹን ጥሩ" የሚል ጽሑፍ እንዲያወጣ አድርገናል። ይህ በቲኬ ውስጥ አንድ ትእዛዝ በመቀየር የሚሠራ ነው፤ ከመጀመሪያው ብናውቀው ሁለት ሳምንት እናተርፍ ነበር።

ሦስተኛውን ጥያቄ ስንጽፍ ተምረናል። መጀመሪያ ፕሮግራሙን ማሳጠር ጀመርን። 400 መስመር ነበር። ስሕተቱ እስካለ ድረስ አንድ በአንድ ቀነስን፤ የቀኑን ሂሳብ አወጣን፤ አሁንም ይበላሻል፤ ዝርዝሩን አወጣን፤ አሁንም ይበላሻል። መጨረሻ ላይ 11 መስመር ቀረ፤ አንድ ሣጥን፣ አንድ በተን፣ አንድ ፋይል። በሣጥኑ ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ስንጽፍ ይሠራል። በዐረብኛ ስንጽፍም ይሠራል። በአማርኛ ስንጽፍ ይበላሻል። ያን ጊዜ ግማሹ መልስ በእጃችን ገባ። የጻፍነውም እንዲህ ነበር፡- የፓይተኑ ቁጥር ይህ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ዊንዶውስ 10 ሲሆን ቅንብሩ ዐረብኛ ነው፤ ፕሮግራሙ ከዚህ በታች ያለው 11 መስመር ነው፤ በሊኑክስ ይሠራል፤ በዊንዶውስ አማርኛ ስንጽፍ ይህን ይላል። ከዚያም ጥቁሩ መስኮት ያለውን አንድ ፊደል ሳንቀንስ ገለበጥን። "እባክህ ቶሎ" የሚለውን ትተነዋል። የሚገርመው ቶሎ የተመለሰልን እርሱ ነው።

መልሱን በቀላሉ ብናስረዳችሁ፡- ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥሩ ስንት እንደሆነ የሚናገር ሠንጠረዥ አለ። ፕሮግራሙ ፋይል ሲጽፍ በየትኛው ሠንጠረዥ እንደሚጽፍ ካልነገርነው የኮምፒዩተሩን ነባር ሠንጠረዥ ይወስዳል። በዚያ ላፕቶፕ ላይ ነባሩ 1256 የሚባለው የዐረብኛ ሠንጠረዥ ነበር። በእርሱ ውስጥ የዐረብኛና የላቲን ፊደል አለ፤ ሀሁ የለም። ስለዚህ ፓይተን "ይህን ፊደል የምጽፍበት የለኝም" ብሎ ያቆማል። በሊኑክሱ ላይ ግን ነባሩ ዩቲኤፍ-8 ነው፤ እርሱ የዓለምን ፊደል ሁሉ ይይዛል። መድኃኒቱ ፋይሉ በሚከፈትበት መስመር ላይ ዩቲኤፍ-8 ብሎ በግልጽ መጻፍ ብቻ ነው። የአንዲት ቃል ነገር። ጥፋቱ የእኛ እንጂ የላፕቶፑ አልነበረም፤ ሳንነግረው እንዲያውቅ ጠብቀን ነበር።

ወንድማችን ሳንጠይቀው ሌላም ነገር ጨመረልን። ፋይልን "ለመጻፍ" ብሎ መክፈት በውስጡ የነበረውን በዚያው ቅጽበት ባዶ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ መጻፉ ቢሰናከል የድሮውም የለም፣ አዲሱም የለም። 31ዱ ሰዎች የጠፉት በዚህ ነው። እንግዲህ አሁን ፕሮግራማችን መጀመሪያ በሌላ ፋይል ላይ ይጽፋል፤ በትክክል ጽፎ ሲጨርስ ብቻ የአዲሱን ስም በአሮጌው ይተካዋል። ጎተራ ሲታደስ አዲሱ ሳይቆም አሮጌው እንደማይፈርስ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፊደላችን አንድ ነገር እንበል። ዛሬ ሀሁ በዚያ ትልቅ ሠንጠረዥ ውስጥ መኖሩን እንደ ቀላል ነገር እናየዋለን። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማዘጋጀት ሲደክሙ ከነበሩበት ዘመን ጀምሮ ጥያቄው አንድ ነበር፤ ከ200 በላይ የሆነውን ፊደል ለላቲን በተሠራ መሣሪያ ላይ እንዴት እናስቀምጠው? ኮምፒዩተር ሲመጣ እያንዳንዱ የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪ ለፊደሉ የራሱን ቁጥር ሰጠው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር፤ በ1990ዎቹ በቢሮ የሠራችሁ ታስታውሳላችሁ። በዚያው ዘመን በስደት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በኮምፒዩተር ሲጻጻፉ አማርኛውን በላቲን ፊደል ለመጻፍ ተገደዱ፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያቆብም ይህ አጻጻፍ ሥርዓት እንዲኖረው ሴራ የሚባለውን ዘዴ አዘጋጅተው አሰራጩ። በመጨረሻ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ 3.0 የኢትዮጵያ ፊደል በዓለም አቀፉ ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ፤ 384 ቦታ ተመደበለት። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ በዋለው በቪስታ ነው። ይህ ሁሉ ያለቀለት ሥራ ስለሆነ ለእኛ የቀረችን ያቺ አንዲት ቃል ብቻ ነበረች። እርሷንም ረሳናት።

አሁን የሚቀጥለው ነገር ለመናገር የሚከብደን ነው። ነገሩ የደረሰባቸው እናት ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም። ለምሳሌ ያህል ፀሐይ እንበላቸው። እማማ ፀሐይ የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። በአንድ ወቅት መድኃኒታቸው አለቀ፤ አስታዋሽ ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ ማንም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ራሳቸውን አዞራቸውና ውሃ ሊቀዱ ከወጡበት ወደቁ። ተነሥተው በሰው ድጋፍ ወደ ጤና ጣቢያው ተወሰዱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ እዚህ ከፊታችን ተቀምጠዋል። በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ስንጠይቅ "ልጆቼ፣ እኔ ከእናንተ ጋር አልጣላም፤ ግን ስሜ በደብተሩ ላይ ነበር እኮ" አሉን።

ስማቸው በፕሮግራሙም ላይ ነበር። ሁለት ጊዜ ነበር። አንዷ በጎ ፈቃደኛ "ፀሐይ" ብላ መዝግባቸዋለች፤ ሌላዋ መድኃኒት ሲወስዱ ቀኑን ልታድስ "ጸሃይ" ብላ ፈለገች፤ ፕሮግራሙ "የለም" አለ፤ እሷም እንደ አዲስ መዘገበች። ከዚያ በኋላ አንዱ መዝገብ ሲታደስ ሌላው ሳይታደስ ቀረ፤ የትኛው ትክክል እንደሆነ ግራ ገብቷት በስሕተት ትክክለኛውን አጠፋችው። ኮምፒዩተሩ ለዐይን እንጂ ለጆሮ አይታዘዝም፤ በእርሱ ዘንድ ፀ እና ጸ የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው።

ይህን ችግር ለውጭው ወንድማችን ልንጽፍ ተቀምጠን ሳለ የኔታ በዚያ ሲያልፉ "ምን ትላላችሁ?" አሉን። ነገርናቸው። ሣቁና ወረቀት አምጡ አሉ። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፤ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፤ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፤ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ እያሉ ጻፉልን። "ፀሐይ" በትክክሉ በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ እንደሆነ ነገሩን። እኛ ደግሞ ሰው እንደልቡ ቢጽፈው በስንት መንገድ ሊጻፍ እንደሚችል ቆጠርን፤ ለመጀመሪያው ፊደል 2 ምርጫ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሲባል 6 ምርጫ አለ። ለአንድ ባለ ሦስት ፊደል ስም 12 አጻጻፍ ማለት ነው። የኔታ የጻፉልን ወረቀት እንዳለ ወደ ፕሮግራሙ ገባ። ኮምፒዩተር በእጃቸው ነክተው የማያውቁ ሰው ከሁሉም የከበደውን ችግር ፈቱልን። ከውጭ ቢጠየቅ ኖሮ አማርኛ የማያነብ ባለሙያ ችግሩ መኖሩን እንኳ ባላየውም ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እናንተ ስማችሁን እንደምትጽፉት ይመዘገባል፤ በመስኮቱም ላይ የሚታየው እርሱ ነው፤ አንድ ፊደል አንነካባችሁም። ከኋላ ግን ፕሮግራሙ የማይታይ ሁለተኛ ቅጂ ይይዛል፤ በዚያ ቅጂ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ። ፍለጋ የሚደረገው በዚያ ነው። አንድ ነገር ግን መጠንቀቅ ነበረብን፤ ትግርኛ ተናጋሪ ወገኖቻችን ዘንድ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ በድምፅም የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ በዚህ አሠራር ሁለት የተለያዩ ሰዎች አንድ መስለው ሊመጡ ይችላሉ። በመሆኑም ፕሮግራሙ ራሱ አይወስንም። የሚመሳሰሉትን ሁሉ ከነሰፈራቸው ያሳያል፤ የሚመርጠው ሰው ነው። ማጥፋትም ከእንግዲህ በአንድ ሰው ብቻ አይደረግም።

ስለ መስኮቱ መቆም ቃል ገብተን ነበርና እርሱንም እንናገር። ፕሮግራሙ አንድ ሰው በተመዘገበ ቁጥር መጠባበቂያ ቅጂ ወደ ፍላሽ ይገለብጥ ነበር። ፍላሹ አሮጌ ስለሆነ መገልበጡ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መስኮቱ ነጭ ይሆናል፤ በተን ቢጫኑት አይሰማም። በጎ ፈቃደኞቹ አልሰማ ሲላቸው ደጋግመው ይጫናሉ፤ ኋላ ሲነቃ የተጫኑትን ሁሉ አንድ በአንድ ይፈጽማል። አንድ አባት አራት ጊዜ ተመዝግበው ነበር። "አራት ጊዜ ከተመዘገብኩ አራት እጥፍ መድኃኒት ይሰጠኝ" ብለው የቀለዱትን ታውቋቸዋላችሁ።

ምክንያቱን እንዲህ ተረዱት። መስኮቱ በበር ላይ እንደተቀመጠ አንድ ዘበኛ ነው። ሥራው የመጣውን ሰው ማስተናገድ ነው፤ ማውሱ ሲነካ፣ ፊደል ሲጻፍ፣ እርሱ ይቀበላል። እኛ ግን ዘበኛውን "ገዳሪፍ ሄደህ ዱቄት አምጣ" ብለን ላክነው። እስኪመለስ በሩ ላይ ማንም የለም። መፍትሔው ዱቄቱን የሚያመጣ ሌላ ልጅ መላክ ነው። ይሁን እንጂ በቲኬ ሕግ ያ ልጅ በሩን ራሱ መንካት አይገባውም፤ ከነካው ነገሩ ይደበላለቃል። ሲመለስ "ደርሻለሁ" የሚል ወረቀት በሣጥን ውስጥ ይጥላል፤ ዘበኛው በየጥቂቱ ሣጥኑን ያያል። እኛም እንዲሁ አደረግን። በተጨማሪም በተኑ አንዴ ከተነካ ሥራው እስኪያልቅ እንዲደበዝዝ አደረግነው። ይህን መፍትሔ ከማንም አልጠየቅንም፤ ከፓይተን ጋር አብሮ ከሚመጣው መጽሐፍ ውስጥ አገኘነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ገጽ ለማንበብ ሦስት ማታ ፈጀብን።

ትናንሾቹን ችግሮች በአጭሩ እንለፋቸው። ለስም የሚሆነውን ሣጥን 20 ፊደል እንዲይዝ ብለን ብናዘዝም ረጃጅም ስሞች ይቆረጡ ነበር፤ ቲኬ የሣጥን ስፋት የሚለካው በዜሮ ቁጥር ወርድ መሆኑን ኋላ አወቅን፤ ፊደላችን ደግሞ ከዜሮ ይሰፋል። 35 አደረግነው። በየፊደሉ እንዲፈልግ ያደረግነውም አላዋጣም፤ በአማርኛ ኪቦርድ አንድ ፊደል በሁለት ቁልፍ ስለሚጻፍ ሰ ልትጽፉ ስትጀምሩ ገና ስ እያለ ፍለጋ ይጀምር ነበር፤ ስለዚህ ግማሽ ሰከንድ እንዲጠብቅ አደረግነው። ዘመን አቆጣጠሩም አሳስቶን ነበር፤ መስከረም 1 ሁልጊዜ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ይውላል ብለን ጽፈን ነበር፤ የ2016 ዓ.ም. እንቁጣጣሽ ግን የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው፤ የ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2027 ነው። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ይገፋል። ይህን ያረመን የአንድ ልጅ እናት የቤቷን ቀን መቁጠሪያ ይዛ መጥታ ነው።

ከእናንተ መካከል ልጆቻችሁ ይህን ትምህርት የሚማሩ አላችሁ። ሲቸገሩ ኔትወርክ እስኪመጣ መቀመጥ አያስፈልጋቸውም። ኪዊክስ የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፔዲያንና ሌሎች ብዙ መጻሕፍትን ያለ ኔትወርክ ለማንበብ ያስችላል፤ አንድ ጊዜ ገዳሪፍ ላይ ወርዶ በፍላሽ ከመጣ ለሁላችንም ይበቃል። የፓይተኑም መጽሐፍ እንዲሁ ይወርዳል። ሁለቱንም ይዘናል፤ ፍላሽ ያለው መጥቶ ይገልብጥ። ሌላው ዘዴ ገንዘብም ኔትወርክም አያስፈልገውም። በውጭ አገር ፕሮግራም ሠሪዎች ሲቸግራቸው ለላስቲክ ዳክዬ ያስረዳሉ ይባላል፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ የታወቀ የሙያ መጽሐፍ ነው ይህን ያስፋፋው። መስመር በመስመር ጮክ ብለህ ስታስረዳ ስሕተቱን ራስህ ትሰማዋለህ። እኛ ዳክዬ ስለሌለን ለጀበና ነው የምናስረዳው። ቡና የምታፈላልን እናታችን ልጆቹ አበዱ ብላ ነበር፤ አሁን እሷም "ቆይ፣ ቅድም ያልከው ይህ አልነበረም" እያለች ታርመናለች።

አሁን ከእናንተ የምንፈልገው ሦስት ነገር ነው። መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ ከዚህ ስትወጡ በጎ ፈቃደኞቹ ዘንድ ቆማችሁ ስማችሁን በመስኮቱ ላይ በዐይናችሁ እዩት፤ ማንበብ የማይችል ካለ ይነበብለት። ሁለት ጊዜ ያለ፣ ወይም የሌለ፣ ወይም ቀኑ የተሳሳተ ካለ እዚያው ይናገር። አስታዋሽ ባይመጣም መድኃኒቱ 3 ቀን ሲቀረው ራሳችሁ ወደ ጤና ጣቢያው ሂዱ፤ ፕሮግራሙ ይሳሳታል። የወረቀቱ ደብተርም አልተጣለም፤ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጧል፤ በየሳምንቱ አርብ ከኮምፒዩተሩ ጋር ይመሳከራል። ዝርዝሩ ከማን እጅ እንዳለ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ማንም ሰው፣ እኛም ብንሆን፣ በስልክ ፎቶ ሲያነሣው ካያችሁ ለመንደሩ ኮሚቴ ንገሩ።

ገና ያልፈታነው አለ። ስማቸው ከነአባት ስማቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰፈር አሉ፤ ሁለቱም የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ። ለጊዜው አንደኛውን በአያታቸው ስም፣ ሁለተኛውን በቤታቸው አጠገብ ባለው የኒም ዛፍ ጽፈናቸዋል። የተሻለ ሐሳብ ያለው ይንገረን። የኔታም እማማም እዚህ አሉ፤ ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ።